ዐሥራ አንድ ተራኪዎችና አንድ የውሃ ቧንቧ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት ጸሐፊ ለወጣት አንባቢዎች ያሰቡትን የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን ረቂቅ ጨርሰዋል። ታሪኩ የሚፈጸመው በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ከየአገሩ መጥተው በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ጎረቤቶች፣ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ለዓመታት የቆሻሻ መጣያ ሆኖ የቆየን ባዶ ቦታ አጽድተው አትክልት ሲያለሙበት ያሳያል። ዐሥራ አንድ ምዕራፎች አሉት፤ እያንዳንዱን ምዕራፍ አንድ ጎረቤት «እኔ» እያለ ይተርከዋል። የመጀመሪያዋ ተራኪ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ በፍርስራሹ መካከል ማንም ያልዘራው ዱባ በቅሎ ታያለች፣ ነገሩም ሁሉ ከዚያ ይጀምራል። ረቂቁን ያነበቡላቸው ሦስት ሰዎች ግን እርስ በርስ ሳይነጋገሩ «ሁሉም ሰው የሚናገረው በአንድ አንደበት ነው፤ መጨረሻውም ስብከት ይመስላል» አሏቸው። ስለዚህ ጸሐፊዋ «ድምፆቹን እንዴት ልለያቸው? ስብከቱንስ ከየት ልቁረጠው?» ብለው ጠይቀዋል።

እንግዲህ መልሴን በቀጥታ ለእርስዎ ልጻፍ። የላኩልኝን አራት ምዕራፎችና የቀሩትን ማጠቃለያ ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ። የወጣቶች ልቦለድ በማረም ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ለአራት ዓመትም በአንድ የጋራ አትክልት ቦታ ውስጥ አንዲት ጠባብ መደብ ነበረችኝ፤ ስለዚህ የምለው ከሁለቱም ወገን የመጣ ነው። በእኔ እምነት የጠየቁኝ ሁለት ጥያቄ አይደለም። ድምፆቹ የተመሳሰሉትም መጨረሻው ስብከት የሆነውም በአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም በረቂቅዎ ውስጥ ዐሥራ አንዱም ሰዎች ያንን ቦታ ሲያዩ የሚታያቸው አንድ ነገር ብቻ መሆኑ ነው። ሁሉም ተስፋ ይታያቸዋል። አንድ ነገር የሚታያቸው ሰዎች ቃላቸውም አንድ ይሆናል፤ ቃላቸው አንድ የሆነ ሰዎች ደግሞ መጨረሻ ላይ ተሰብስበው በአንድ ድምፅ ከማመስገን በቀር የሚሠሩት አይኖራቸውም።

መደብ ይዞ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የጋራ አትክልት ቦታ ሰዎችን የሚያገናኘው ስለሚያምር አይደለም። የሚያገናኛቸው ቧንቧው አንድ ስለሆነ ነው። ሙቀቱ በበረታበት ወር ከሥራ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ ጎማው አንድ ነው፣ ግፊቱ ደካማ ነው፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ልጁን ከመዋያ መውሰድ አለበት። በሩ አንድ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም ሁልጊዜ የሚገኘው ሌላ ሰው ዘንድ ነው። የአንዱ አረም ዘሩ ሲበተን የሌላው አረም ይሆናል፤ የአንዱ ናና ከመሬት በታች ሥሩን እየሰደደ በወሰኑ ሥር ሾልኮ በጎረቤቱ መደብ ብቅ ይላል። የእርስዎ ጎረቤቶች ግን በአራቱም ምዕራፎች አንድም ጊዜ ስለ ውሃ አልተነጋገሩም። እኔ ረቂቁን ሳነብ መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄ «ቧንቧው የት ነው?» የሚል ነበር።

አንድ ገጠመኝ ልንገርዎ፤ የምለው በእሱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። መደቤን በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ምሽት ስደርስ፣ አጠገቤ የሚሠሩት አዛውንት ጎማውን ሲጎትቱ የካሮት ቡቃያዎቼን ከዳር እስከ ዳር ጠርገውብኝ አገኘሁ። ካሮት ለመብቀል ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ይፈጃል፤ ሲበቅልም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሆነ በየቀኑ ተንበርክኬ ስመለከተው ነበር የሰነበትሁት። ምንም አላልኋቸውም። ለሦስት ሳምንት ያህል ሰላምታ ብቻ እየሰጠሁ አለፍኋቸው፤ በልቤ ግን ትዕቢተኛ ናቸው፣ የሌላው ሰው ድካም አይታያቸውም፣ መሬቱን ሁሉ የራሳቸው አድርገው ነው የሚያዩት እያልሁ አንድ ሙሉ ሰው ፈጠርሁ። በኋላ አንድ ቀን የዘር ፓኬት ይዘው መጡና በላዩ የተጻፈውን እንዳነብላቸው ለመኑኝ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቶ ኖሯል። እንኳን የካሮት ቡቃያ፣ የራሳቸውንም ሽንኩርት የሚያውቁት በመዳበስ ነበር። በማግሥቱ በመደቤ ጥግ ላይ አንድ ጠንካራ እንጨት ተከልሁ፤ ጎማው በእንጨቱ ዙሪያ ይጠማዘዛል እንጂ ከዚያ ወዲህ መደቡን አልጠረገም። ከእሳቸውም ጋር ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እንጨቱ ግን እዚያው ቆመ።

ይህን የነገርሁዎ በልቦለድዎ ውስጥ እንዲያስገቡት አይደለም። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ሁለት ሰዎች፣ አንድ መስመር ካሮት፣ ሦስት ሳምንት ኩርፊያና አንድ እንጨት አንድ ምዕራፍ ይሆናሉ፤ በምዕራፉም ውስጥ ማንም «ሁላችንም ሰዎች ነን» አላለም። ብዙ ተራኪ ያለው ልቦለድ ኃይሉ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ምዕራፍ የተቀየምነውን ሰው በሚቀጥለው ምዕራፍ ከውስጡ ሆነን እናየዋለን፤ የመጀመሪያው ተራኪ ግን ያንን ላያውቅ ይችላል። አንባቢው ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የበለጠ ያውቃል። ይህ ለወጣት አንባቢ ትልቅ ክብር ነው፤ ማንም ሳይነግረው እሱ ራሱ ሁለቱን ምዕራፎች አገጣጥሞ ፍርዱን ያስተካክላልና።

ስለዚህ ወደ ቃላት ከመመለስዎ በፊት የቦታውን ካርታ በወረቀት ላይ ይሳሉ። በሩ፣ ቧንቧው፣ የኮምፖስቱ ጉድጓድ፣ ጥላ የሚጥለው ግድግዳ፣ የማን መደብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ሁሉ ይግባበት። ፀሐይ ከየት ወዴት እንደምትሄድም ምልክት ያድርጉ። ካርታውን ሲጨርሱ ታሪክ ራሱ ብቅ ማለት ይጀምራል። ለምሳሌ በማጠቃለያዎ ላይ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር የሱፍ አበባ ይዘራሉ፤ ቋንቋውን የማያውቁት መበለት ደግሞ ሰላጣ አላቸው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያድርጓቸው። ሱፉ ከሰው ቁመት በላይ ያድግና በሰላጣው ላይ ጥላውን ይጥላል፤ መበለቲቱ በምልክት እየለመኑ ሱፉ እንዲቆረጥ ይሞግታሉ፣ ሹፌሩም እሺ አይሉም። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል። ሰላጣ ሙቀት ሲበዛበት መሐሉን ወደ ላይ አንሥቶ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመርራል፤ ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው የሌሎች ሰዎች ሰላጣ ሁሉ ሲበላሽ፣ በሱፉ ጥላ ሥር ያለው ብቻ ለስልሶ ይቀራል። ሹፌሩ ያደረጉት አስበው አይደለም፤ መበለቲቱም ማመስገን ይኑርባቸው አይኑርባቸው አያውቁም። በዚያች ጠዋት አንድ እቅፍ ሰላጣ በሹፌሩ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቢገኝ፣ ሹፌሩም ለምን እንደተቀመጠ ፈጽሞ ባይገባቸው፣ ስለ ጉርብትና የተጻፉ ብዙ ገጾች ሊናገሩት ያልቻሉትን ይናገራል።

ወደ ዕፀዋቱ ጊዜ እንለፍ፤ በረቂቅዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ጉዳይ ይህ ነው። በሦስተኛው ምዕራፍ ካሮት በሰኞ ተዘርቶ በሚቀጥለው ሳምንት ይነቀላል። ይህን የሚያነብ ማንኛውም አትክልተኛ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ የባሰው ግን እርስዎ ነፃ የተሰጠዎትን የታሪክ አውታር መጣልዎ ነው። በአትክልት ቦታ የሚፈጸም ልቦለድ ሴራውን የሚያቆመው በዕፀዋቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። ፍጅል በአራት ሳምንት ገደማ ይደርሳል። ፎሶሊያ መሬቱ ሞቅ ካለ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን አንገቱን አጎንብሶ አፈሩን ይሰነጥቃል፣ ከዚያ ቀና ይላል። የቲማቲም ችግኝ ከተተከለ በኋላ ፍሬው እስኪቀላ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ነጭ ሽንኩርት ብርዱ ከመግባቱ በፊት ይተከልና በሚቀጥለው ዓመት ሙቀት ሲመጣ ይነቀላል። አስፓራገስ የሚባለው፣ ለጋ ቡቃያው እየተቆረጠ የሚበላው አትክልት ግን ከተተከለ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይቆረጥ መቆየት አለበት፤ ያንን የታገሠ ሰው ከዚያ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይበላበታል።

እነዚህን ቁጥሮች ከእርሻ መመሪያ ይልቅ እንደ ገጸ ባሕርይ መግለጫ ይመልከቷቸው። ሰው የሚተክለው ነገር እዚያ ቦታ ምን ያህል ጊዜ እኖራለሁ ብሎ እንደሚያስብ ይናገራል። የመኖሪያ ፈቃድዋ የሚያልቅባት የሌሊት ነርስዎ ቲማቲም ለመትከል አትደፍርም፤ ፍጅል ብቻ ትዘራለች፤ እሱንም እየነቀለች እንደገና ትዘራለች። አንድ ቀን፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ አንዲት ራስ ነጭ ሽንኩርት ፈልፍላ እያንዳንዱን ፍሬ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጋ ብትቀብረው፣ ስለ ወረቀቷ የተወሰነው ምን እንደሆነ አንድም ቃል መጻፍ አያስፈልግዎትም። የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አዛውንትም አስፓራገስ ሲተክሉ አጠገባቸው ያለው ልጅ የሚያደርገውን ስሌት አንባቢውም ዝም ብሎ ያደርገዋል።

ዱባው ደግሞ የታሪክዎ መነሻ ስለሆነ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንድ አበባና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚመጡት ወንዶቹ ናቸው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ፍሬ ሳይዙ ይረግፋሉ። ይህን የማታውቅ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በየቀኑ የረገፈ አበባ ስታገኝ አንድ ሰው ሆን ብሎ እየቀጠፈባት እንደሆነ ታስባለች፤ የምትጠረጥረው ሰውም አታጣም። ሴቷ አበባ ከሥሯ ትንሽ እንቡጥ መሳይ ፍሬ ይዛ ትወጣለች፤ በማለዳ ትከፈታለች፣ ረፋዱ ሲያልፍ ትዘጋለች፣ በዚያች ጠዋት ንብ ካልጎበኛት ፍሬው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። እንግዲህ በመንገዱ ላይ ከሚኖሩት ሰዎች መካከል በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚገኘው ማን ነው? ከሌሊት ሥራ የምትመለሰው ነርስ ናት። ወንዱን አበባ ቀጥፋ፣ ቅጠሉን ገልጣ፣ ዱቄቱን በሴቷ ላይ ስትቀባ የሚያያት የለም፤ ልጅቷ በመስኮት ብታያት ደግሞ የምታየው አበባ ስትቀጥፍ ብቻ ነው። ሁለቱን ምዕራፎች ይህ ያገናኛቸው። አሁን ባለው ረቂቅ ሁለቱ ተራኪዎች የሚተዋወቁት ነርሷ «ሰላም፣ እኔም ጎረቤትሽ ነኝ» ብላት ነው፤ ያ ትውውቅ ግን አንባቢው ላይ ምንም አያሳድርም።

አሁን ወደ ድምፅ እንምጣ። ድምፅ ማለት የአነጋገር ዘዬ ብቻ የሚመስላቸው ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን አስቀድሞ የዓይን ጉዳይ ነው እላለሁ። ሰው የሚናገረው ዓይኑ የሄደበትን ነው፣ ዓይኑም የሚሄደው ሕይወቱ ወዳስለመደው ነው። ይህን የምፈትንበት አንድ መንገድ አለኝ፦ ተራኪዎቹ ሁሉ ያንኑ ዱባ በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር እንዲገልጹት ያድርጉ፣ ስማቸውን ይሸፍኑ፣ ከዚያ ማን እንደተናገረ ሌላ ሰው ይለይ። ሹፌሩ ምናልባት እንዲህ ይሉ ይሆናል፦ «ከበሩ እስከ ዱባው ጫፍ ሰባት እርምጃ ነው። ባለፈው ሰኞ ስምንት ነበር። በዚህ አካሄዱ ወሩ ሳያልቅ መተላለፊያውን ይዘጋዋል፤ ማንም አስቀድሞ አያስብም።» መበለቲቱ ደግሞ፦ «እናቴ ዱባ ስትመርጥ በጣቷ ታንኳኳና ጆሮዋን ታስጠጋ ነበር። እኔም አንኳኳሁት። ገና አልመለሰልኝም።» ሁለቱም ስለ ተስፋ አላወሩም፤ ሁለቱንም ግን አናምታታቸውም።

የመበለቲቱ ነገር ከተነሣ፣ ስድስተኛው ምዕራፍ እንደገና መጻፍ አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ምዕራፉን በተሰባበረ አማርኛ ጽፈውታል፤ ያሰቡት ቋንቋውን አለማወቃቸውን ለማሳየት እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ሰው በራሱ ምዕራፍ የሚያስበው በራሱ ቋንቋ ነው፤ በራሱ ቋንቋ ደግሞ የሚንተባተብ የለም። እንዲያውም በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ተራኪዎች ሁሉ ይበልጥ የተዋበ አንደበት ያላቸው እሳቸው ቢሆኑ እወዳለሁ። የሚሰባበረው ንግግራቸው በሌሎች ሰዎች ጆሮ ሲሰማ ብቻ ይሁን። ልጅቷ በምታወራው ምዕራፍ ውስጥ አንዲት የተቆጡ የሚመስሉ አሮጊት ጎማውን ከእጇ ነጥቀው «ውሃ፣ ጠዋት። ማታ፣ አይ። በሽታ!» ይሏታል፤ ልጅቷም እንደተሰደበች ይሰማታል። ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ያንኑ ምሽት ከመበለቲቱ ወገን እናነበዋለን፦ «ቅጠሉ ርሶ ካደረ ሻጋታ እንደሚይዘው ልነግራት ፈለግሁ። በአገሬ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ፣ አባቴ ማለዳ ተነሥቶ ጤዛው ሳይረግፍ እንዴት ያጠጣ እንደነበር፣ ውሃው በሥሩ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር አጫውታት ነበር። የነበሩኝ አምስት ቃላት ናቸው። አምስቱንም ሰጠኋት።» ስለ ስደት ምንም ማብራሪያ ሳይጨመር፣ ቋንቋ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ ወጣቱ አንባቢ በዚህ ያውቀዋል።

አማርኛ የሰጠዎትንም ሀብት ይጠቀሙበት። ዐዋቂዎቹ ጎረቤቶችዎ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እርስዎ» እየተባባሉ ነው የሚነጋገሩት። ጨዋነቱ አይጠላም፣ ግን ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «አንቺ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ለብቻዎ ይሥሩና፣ ለውጡ የት ምዕራፍ ላይ እንደሚመጣ ይወስኑ። ሁልጊዜ «እርስዎ» ሲል የኖረ ሰው በቁጣ መካከል «አንተ» ቢል፣ ከዚያ በላይ የቃል አጋኖ አያስፈልግም፤ በማግሥቱ ወደ «እርስዎ» መመለሱም ይቅርታ ነው፣ ስሙ ባይጠራም። ለመበለቲቱም አንድ ስሕተት ብቻ ይምረጡላቸው፤ ለምሳሌ ልጅቷን ሁልጊዜ «አንተ» ይበሏት። መጀመሪያ ልጅቷ ታርማቸዋለች፣ ቀጥላ ማረም ትተዋለች፣ በኋላም አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት «አንተ! ና!» ሲሏት፣ ዘወር ብለው የሚያዩ ወንዶች እያሉ፣ ሮጣ የምትሄደው እሷ ትሆናለች። ለውጡን በየቦታው ጠቁመው አያሳዩ፤ አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

ስለ ልዩ ልዩነታቸውም አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በማጠቃለያዎ ላይ ዐሥራ አንዱ ሰዎች ዐሥራ አንድ አገር ናቸው፤ እያንዳንዱም ከአገሩ አንድ ምግብ፣ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገርና አንድ ሐዘን ይዞ መጥቷል። ይህ አደባባይ ላይ እንደተሰቀለ የባንዲራ ረድፍ ነው። ሰው ግን አገሩ ብቻ አይደለም። ከአንድ ከተማ የመጡ፣ ግን የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች ያስገቡ፤ አንዱ ቀድሞ የመጣ፣ ሌላው ዘግይቶ የደረሰ ይሁን፣ ለአገራቸውም ያላቸው ትዝታ አይገጥም። ልዩነቱ የሥራ ሰዓት፣ የዕድሜ፣ የእምነት፣ የጉልበትም ይሁን። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው መደቡ ከመሬት ሰባ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሣንቃ መታቀፍ፣ መተላለፊያውም ቢያንስ ዘጠና ሳንቲ ሜትር መስፋት አለበት፤ መንገዱ ሲሰፋ የአንድ ሰው መደብ ይጠባል። መሬቱን ለመስጠት ፈቃደኛ የሚሆነው ማን ነው? ደግ የሚመስለው ሰው ላይሆን ይችላል።

የተራኪዎቹን ቁጥር በተመለከተ፣ ከዐሥራ አንድ ወደ ሰባት ቢያወርዱት ይሻላል። ቁጥሩ በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ የእርስዎ ዐሥራ አንድ ውስጥ ግን ስምንቱ ዐዋቂዎች ናቸው፣ ልጅቷም ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ድምፅዋ አይሰማም። ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ ስምንት ዓመት ያለ አንባቢ ዐዋቂዎችን ለመስማት ይታገሣል፤ ብዙዎች እንደሚፈሩት አይሰለችም፤ ግን አብሮት የሚያድግ ሰው ይፈልጋል። መለወጥ ደግሞ በአንድ እይታ አይታይም፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን ለልጅቷ ይስጧት። ከአትክልቱ ውጭም የራሷ የሆነ ጭንቀት ይኑራት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ፣ ቤቷ ውስጥ ያለ፣ ዱባው የማይፈታው ጭንቀት። «ያኔ ልጅ ስለነበርሁ አልገባኝም ነበር» የምትለውንም ዓረፍተ ነገር ያውጡት። ያ አነጋገር ከዓመታት በኋላ ቆሞ ወደ ኋላ የሚያይ ዐዋቂ አነጋገር ነው፤ ወጣቱ አንባቢ ግን ነገሩ ውስጥ ነው ያለው፣ ተራኪዋም እዚያው ውስጥ አጠገቡ ትቁምለት።

መሬቱ የማን ነው? ረቂቁ ይህን አይጠይቅም፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ከንቲባው መጥተው ቦታውን ለነዋሪዎቹ ይሰጣሉ። እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይልቅ የከበደም ያማረም ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ በደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ ብዙ ሰው ሥራ ሲያጣ፣ የዲትሮይት ከንቲባ ሃዘን ፒንግሪ በ1894 የከተማው ባዶ ቦታዎች ድንችና ሌላ አትክልት ለሚተክሉ ሥራ አጦች እንዲሰጡ አደረጉ፤ መሬቱ ግን በብድር ነበር። በ1973 በኒውዮርክ ሊዝ ክሪስቲ የተባለች ሠዓሊ ከጓደኞቿ ጋር ባወሪና ሂውስተን መንገዶች የሚገናኙበትን ቆሻሻ የሞላበት ቦታ አጽድታ አለማች፤ በሚቀጥለው ዓመት ከተማው በወር 1 ዶላር አከራያቸው። ያችው ከተማ በ1999 114 እንደዚህ ያሉ ቦታዎችን በጨረታ ልትሸጥ ቀን ቆርጣ ነበር፤ ጨረታው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ሁለት በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገዝተው አተረፏቸው። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ከ1992ቱ ሁከት በኋላ 14 ኤከር በሚሆን ቦታ ላይ 350 ያህል ቤተሰቦች ሲያርሱ ቆይተው፣ ከተማው መሬቱን ለቀድሞው ባለቤት መልሶ ስለሸጠ በሰኔ 2006 በፖሊስ ኃይል ተነሡ፤ ተክሉም በማሽን ተገፋ።

ይህን የዘረዘርሁት በመጽሐፍዎ ውስጥ ታሪክ እንዲያስተምሩ አይደለም። ነገር ግን ጎረቤቶችዎ የቆሙበት መሬት የእነሱ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ቢያውቁ፣ የሚያደርጉት ሁሉ ክብደት ያገኛል፤ በማያውቁት ቀን ሊነሣባቸው በሚችል መሬት ላይ አስፓራገስ መትከል ሌላ ነገር ነውና። ባለመብቱንም ክፉ አያድርጉት። በኒውዮርክም የተነሣው ክርክር ቦታው ለመኖሪያ ቤት ይፈለጋል የሚል ነበር፤ ከተራኪዎችዎ አንዱ ቤት ለማግኘት ለዓመታት ተራ የሚጠብቅ ቢሆንና፣ የሚያርስበት መደብ ላይ ቤት ሊሠራ እንደሆነ ቢሰማ፣ የሚወስነውን ለማወቅ እኔ ገጹን እየገለጥሁ ሌሊቱን አነጋ ነበር።

ሌላው በአጭሩ የማነሣው የአፈሩ ጉዳይ ነው። ቤት የፈረሰበት መሬት፣ በተለይ ቤቱ አሮጌ ከሆነ፣ ከግድግዳው ቀለም የረገፈ እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። ስለዚህ ሰዎቹ አፈሩን አስመርምረው፣ የሣንቃ ሳጥን ሠርተው፣ ከሌላ ቦታ ንጹሕ አፈር ማስመጣት ይኖርባቸዋል። ይህ ለታሪኩ በረከት ነው፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ አፈር ዋጋ ይሆናል፣ ገንዘብ ማን ያዋጣል በሚለውም የሁሉም ሰው ባሕርይ ይገለጣል።

በመጨረሻም ስለ መጨረሻው። ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚበሉበትን ግብዣ ያውጡት፤ የከንቲባውንም ንግግር እንዲሁ። በረቂቁ ውስጥ «ልዩነታችን ውበታችን ነው» የሚለው ሐሳብ በአምስት አፍ ተነግሯል፤ አምስቱንም ይሰርዙ። ያን ሐሳብ እርስዎ እንደሚያምኑበት አልጠራጠርም፣ እኔም አምንበታለሁ፤ ገጸ ባሕርያቱ ከተናገሩት ግን አንባቢው የሚያገኘው ነገር አይተርፈውም። በምትኩ ዱባው አለልዎት። ከወጥ ቤት ጥራጊ በራሱ የበቀለ ዱባ ብዙ ጊዜ የተዳቀለ ዘር ስለሆነ ፍሬው ወላጁን ላይመስል ይችላል። ሹፌሩም፣ መበለቲቱም፣ ባለሱቁም እያንዳንዳቸው «ይህማ የእኛ አገር ዱባ ነው» ብለው ሲከራከሩበት የሰነበቱት ፍሬ ሲበስል የማንንም አይመስልም። ልጅቷ በመጨረሻው ምዕራፍ ትቆርጠውና ዘሩን አጥባ በጋዜጣ ላይ ታሰጣዋለች። እዚያ ላይ ይቁም። የሚበላ ይሁን አይሁን እንኳ ባይነገረን ግድ የለም፤ ምንነቱ ካልታወቀ ዱባ ቀምሶ ምሬት ያገኘበት ሰው መትፋት እንዳለበት ግን መበለቲቱ ያውቃሉ፣ ለዚያም የሚሆን አንድ ቃል ይኖራቸዋል።

ሥራውን የት እንደሚጀምሩ ከጠየቁኝ በአራተኛው ምዕራፍ ይጀምሩ። እዚያ ውስጥ ባለሱቁ ወሰኑን በጫማው እየለካ፣ ጎረቤቱ ዞር ባለ ጊዜ ገመዱን ግማሽ ጫማ ያህል ወደዚያ የሚያስጠጋበት አንድ አንቀጽ አለ። ከላኩልኝ ገጾች ሁሉ ትንፋሽ ያለው እሱ ነው። በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አፍሮ ገመዱን እንዲመልሰው አድርገውታል። አይመልሰው፤ ገመዱ እዚያው ይደር፣ ጠዋት ማን እንደሚያየውም ይጻፉ።